ከዕቅድ በላይ የሠራሁበት ዘመቻ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ መኰንን ነጭ ጋዋን ሊሰጡኝ መጋዘኑን ቢያስሱ ቢያስሱ አጡ። በጋዋኑ ፈንታ የክትባት ፍሪጁን ቁልፍ ሰጡኝ። "ጋዋን ይደርሳል፤ ክትባት ግን አይጠብቅሽም" አሉኝ። ጋዋኑ በሁለተኛው ዓመቴ ደረሰ፤ ልኩ የወንድ ነበር።

ጤና ጣቢያው ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መንገድ ያልኩት ለመከባበር ነው። ስሙን የማልጠራው ዛሬም እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ስላሉ ነው፤ እኔም አንዷ ነኝ።

በዚያው ዕለት ጡረታ ለመውጣት አንድ ወር የቀራት አንዲት አንጋፋ ነርስ የፖሊዮ ብልቃጥ እጄ ላይ አስቀመጠች። ብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ በክቡ ውስጥ ደግሞ ካሬ። ካሬው ነጣ እንዳለ ከሆነ ክትባቱ ደህና ነው። ሙቀት ካገኘው ካሬው እየጠቆረ ይሄዳል፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ብልቃጡ ይጣላል። "እዚህ ቤት ሪፖርቱም ሰዓት መፈረሚያውም ይዋሻል። ካሬው ግን አይዋሽም" አለችኝ።

አቶ መኰንን ያስተማሩኝ ደግሞ ቁጥር ነው። ስንት ታቀደ፣ ስንት ተሠራ፣ ከጎረቤት ጤና ጣቢያ በስንት በለጥን። ልጆቹ ዳኑ ወይ ብለው ሲጠይቁ አልሰማኋቸውም፤ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው ነው።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ አጠገብ በቁጥር የሚጠራ መንደር ውስጥ ሰፈሩ። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ፣ ከቤርታ ቋንቋ የማውቀው ሰላምታና "የት ጋ ነው የሚያምህ?" የሚለውን ብቻ ነው። ያሳፍረኛል። ስለዚህ ወደ መንደር ስወጣ አስተርጓሚዬም መንገድ መሪዬም ሐሺም ነበር። ሐሺም አርሶ አደር ነው፤ የድንበሩን አገር እንደ ጓሮው ያውቀዋል፤ ነገር አይረሳም፤ በአማርኛው ግን ሴቱም ወንዱም "አንተ" ነው።

ሕመሜ የመጣው በአራተኛው ዓመቴ፣ በፖሊዮ ዘመቻ ላይ ነው። ሕመም ስላችሁ አልጋ የያዝኩ እንዳይመስላችሁ። አልጋውን ነው የተውኩት። በቀን ሁለት ሰዓት ብተኛ ነው። ድካም የሚባል ነገር ከሰውነቴ ወጥቶ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን አልክድም። የቀርከሃው አጥር፣ የማንጎው ዛፍ፣ የሕፃናቱ ጥርስ ሁሉ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

ደንቡ እንዲህ ነው። ጠዋት ክትባቱን በሳጥን ከበረዶ ጋር ይዘሽ ትወጫለሽ፤ ቤት ለቤት እየዞርሽ ሁለት ጠብታ ትሰጫለሽ፤ የሕፃኑን ጥፍር ቀለም ትቀቢያለሽ፤ ማታ ተመልሰሽ በረዶውን ትቀይሪያለሽ። አብራኝ የተመደበችው ነርስ በመጀመሪያው ቀን እግሯ ቆስሎ ቀረች። እኔ የአራቱንም ቀን ክትባት አንድ ጊዜ ሸክፌ ሄድኩ። መመለስ ለሰነፍ ነው አልኩ። ማታ የሐሺም ዘመዶች ቤት አረፍኩ፤ አረፍኩ ማለቴ እነሱ ተኙ።

በሦስተኛው ቀን የምከትባቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት አለቁብኝ። ድንበሩ ደግሞ አጥር የለውም፤ ወዲህም ወዲያም ያሉት አጎትና የአክስት ልጅ ናቸው።

"ሲስተር፣ ይሄ ሱዳን ነው" አለኝ ሐሺም ቆም ብሎ።

"ሕፃናት አሉ?"

"ሕፃናት አለ።"

"እንግዲያው አፋቸውን ያስከፍቱልኝ።"

የወረዳው አፈጻጸም ከመቶ ፐርሰንት በላይ ሆነ። ከመቶ በላይ የሆነው ሕፃን ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አሶሳ አዳራሽ ተጠርቼ የሞዴል ሠራተኛ የምስክር ወረቀትና አንድ ፔርሙዝ ተሸለምኩ። መድረኩ ላይ የነበሩት ኃላፊ ማይኩን ይዘው "ሌት ተቀን የማይተኙ እንደ እሷ ያሉ ባለሙያዎችን ያብዛልን" አሉ። ሕዝቡም አሜን አለ። በበሽታዋ የተሸለመች ሌላ በሽተኛ ካለች አላውቃትም።

ከሽልማቱ በኋላም አልቆምኩም። የጤና ጣቢያውን ግድግዳ በገዛ ደመወዜ ሰማያዊ ልቀባ ተነሣሁ፤ ግማሹን ቀባሁ። ለበላይ አካል የጤናውን ዘርፍ እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል አሥራ ሰባት ገጽ ጻፍኩ። አንዳንዱ ሐሳብ ዛሬም መጥፎ አይመስለኝም። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአልጋዬ መነሣት አቃተኝ። ፊቴን መታጠብ እንደ ተራራ ከበደኝ፤ ሞትን ተመኘሁ። ባልደረቦቼ በአንድ ድምፅ ምርመራቸውን ሰጡ፦ የሰው ዓይን ነው፣ ሽልማቱ ነው ለዓይን የዳረጋት።

እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። የቤርታ ጎረቤታችን ደግሞ በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቁርዓን የታጠበበት ውኃ ላኩልኝ። ሁለቱንም ጠጣሁ፤ ሁለቱም በፍቅር የመጡ ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ራሷ "ልጄ፣ ጸሎቱ እንዳለ ይሁን፤ ሐኪምም ይይሽ" ብላ እጄን ይዛ አሶሳ ሐኪም ቤት፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አደረሰችኝ።

የተቀበለኝ ነርስ በዕድሜ ያንሰኛል። ስለ ዘመቻው ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ስለ ሽልማቱ ስነግረው አልሳቀም፤ በሕመሜ ታሪክ ሥር "ተሸልማለች" ብሎ ጻፈ። ባይፖላር እንደሚባል፣ ሰውን አንዴ ወደ ላይ እንደሚያወጣ፣ አንዴ ወደ ታች እንደሚጥል፣ መድኃኒት እንዳለው አስረዳኝ። ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። ፈተናውንም አልፌዋለሁ።

እንክብሉን በቫይታሚን ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄ ሥራ ተመለስኩ። ቀስ አልኩ። ኪሎ ጨመርኩ። ያዩኝ ሁሉ "ተመችቶሻል" አሉኝ። እውነት ነው፤ ሞት መመኘት ማቆም ይመቻል።

በግማሽ ዓመቱ ግምገማ ከሞዴል ሠራተኛ ወደ "ማሻሻል የሚገባት" ወረድኩ። አቶ መኰንን በስብሰባው ፊት "የድሮዋ ሲስተር የት ሄደች?" ብለው ጠየቁ። አክመው አስወጧት ልላቸው ፈልጌ ተውኩት።

ቀጣዩ ዘመቻ ደረሰ። በዚህኛው እያንዳንዱን ብልቃጥ ሳልመለከት አንድ ጠብታ አልሰጥም፤ ማታም በረዶ ልቀይር እመለሳለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ፀሐዩ አናት ሲበሳ ከሐሺም ጋር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሐሺም ሳጥኑን በአገጩ እያመለከተ ሳቀ።

"ሲስተር፣ ዛሬ ውኃ የለም? ባለፈው ከዚህ ሳጥን ሰጠኸኝ።"

"የምን ውኃ?"

"ወላሂ ረሳህ? ያንን በረዶ ያለበት ላስቲክ ክዳኑን ከፈትክ፣ 'ሐሺም ጠጣ' አልክ። እኔ ጠጣ። ሙቅ ነው፣ ልክ እንደ ሻይ። ስኳር ብቻ የለም።"

ከመቅጽበት ታወሰኝ። በረዶው ቀልጦ፣ ውኃው ሞቆ፣ እኔ ደግሞ በቸርነቴ ተደንቄ እየሳቅሁ ሳጠጣው። የስንተኛው ቀን እንደሆነ ጠየቅሁት። በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት ነው አለ። ከዚያ በኋላ ያሉትን መንደሮች ሁሉ፣ ማዶውንም ጨምሮ፣ በሞቀ ሳጥን ነው የዞርኩት። ካሬውን አንድም ጊዜ አላየሁም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ፈራሁ። የሕፃናቱ ጥፍር ቀለም ተቀብቷል፣ መዝገቡ ላይ ሠረዝ አለ፣ እኔ ቤት የምስክር ወረቀት አለ። የጎደለው ክትባቱ ብቻ ነው። ከእኔና ምን እንዳወቀ ራሱ ከማያውቀው ከሐሺም በቀር ደግሞ የሚያውቅ የለም። ዝም ብል ሥራዬ አይነካም። ብናገር ለምን እንዲያ እንደሆንኩ መናገር አለብኝ፤ ለአእምሮ ሕመምተኛ ነርስ ደግሞ ማን ክንዱን ለመርፌ ይሰጣል?

በማግሥቱ አቶ መኰንን ቢሮ ገባሁ። የሆነውን ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ።

"ይህን ለማን ተናግረሻል?"

"ለእርስዎ።"

"በቃ። ሪፖርቱ ሄዷል፣ ተሸልመንበታል። ዝም አይነቅዝም፣ ሲስተር።"

"ዝም ባይነቅዝም ክትባት ይበላሻል፣ አቶ መኰንን። ጠብታውን ብንደግመው ልጆቹን አይጎዳም። ባንደግመው አንዱ እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል።"

ያን ጊዜ ምን ነክቶኝ እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ስለ ሕመሙም ስለ እንክብሉም። ፊታቸው ላይ ፍርሃት ስጠብቅ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ነገሩ የተፈታለት ሰው ፊት።

"እንግዲያ እንዲህ ያቀዘቀዘሽ መድኃኒቱ ነዋ" አሉ። "ለዘመቻው ሰሞን ብቻ ብታቆሚውስ?"

ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል ወይ ይቆጣል። እኔ ለአፍታ አማረኝ። ያቺ የማትደክም ሴት ትናፍቀኛለች፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ትናፍቀኛለች። ግን እሷ ናት ሐሺምን ሙቅ ውኃ ያጠጣችው፤ ተከትሏት የመጣውንም ጠዋት አውቀዋለሁ። "አላቆምም። ለወረዳው ዛሬ እጽፋለሁ" አልኳቸው።

ጻፍኩ፤ ሕመሜን በስሙ ጠርቼ፣ የመንደሮቹን ስም ዘርዝሬ፣ ፈርሜ። የወረዳው መዝገብ ቤት ሌላውን ደብዳቤ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ለማድረስ ሳምንት ይፈጅበታል። የእኔን ከምሳ በፊት ለከተማው ሁሉ አደረሰው። ማታ የሰፈራችን ባለሱቅ ሳሙና ሲሸጥልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ያናግረኝ ነበር፤ እንደ ሕፃን።

ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። የአእምሮ ሕክምና የሚያውቅ እንዳይገባበት የተጠነቀቁ ይመስላል። አንደኛው፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጠየቁኝ።

"ልብስሽን ጥለሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ሰው ደብድበሽስ?"

"የለም። ያመመኝ ጊዜ ያደረግሁት ሁሉ ሪፖርቱ ላይ አለ፤ ያጨበጨባችሁለት ነው።"

ሰብሳቢው አጎንብሰው ወረቀታቸውን አገላበጡ። አሶሳ ያከመኝ ነርስ መሥራት እንደምችል የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ውሳኔው በሁለት ሳምንቱ መጣ። ሥራዬ ላይ እቆያለሁ፤ የሌሊት ተረኛነት ይቀርልኛል፤ ድንበር ስለ መሻገሬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል። ክትባቱ ይደገማል፤ ነገር ግን ይደገማል አይባልም፣ "የማጠናከሪያ ዙር" ይባላል።

ለማጠናከሪያው ከሐሺም ጋር ወጣን። የመጀመሪያዋ ቤት የሐዋ ናት፤ ሦስት ልጆቿን ያኔ ከትቤያቸዋለሁ። ለምን ድጋሚ እንደመጣን ጠየቀች። ሐሺም የተዘጋጀውን መልስ ሊሰጣት ሲል ከለከልኩት። "ያኔ ታምሜ ነበር፣ በረዶው ቀልጦ ነበር በላት" አልኩት። አላት። ሐዋ ትንሽ አየችኝ። አቶ መኰንን የፈሩት ይህን ጊዜ ነው፤ እናቶች በር ይዘጋሉ ብለው።

"አሁን ዳንክ?" አለችኝ እንደ ሐሺም ባለ አማርኛ።

"መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።"

"በረዶ አሳየኝ።"

ሳጥኑን ከፈትኩላት። እጇን አስገብታ በረዶውን ጨበጠች፤ ብርዱ እስኪያማት ይዛ ቆየች። ከዚያ ትንሹን ልጇን አምጥታ አገጩን ያዘችልኝ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ። በየደጁ እናቶች መጀመሪያ እጃቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን ሰጡን። ሥራው ዘገየ፤ አፈጻጸማችን ከወረዳው ጭራ ሆነ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ሳምንት የኮራሁበት የለም።

ማዶ ያሉት ግን ቀሩ። ያኔ ማዶው ሰላም አልነበረም፤ ቢሆንም ከእንግዲህ እንድሻገር የሚፈቅድልኝ የለም። አንዳንዶቹ ቤተሰቦች በኋላ ወደ እኛ ተሰደው ሲመጡ ልጆቻቸውን እየጠየቅሁ ከተብኩ። ያልመጡት ስንት እንደሆኑ አላውቅም። አንዱ ልጅ እያነከሰ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ለዚህ የሚሆን እንክብል የለም፤ እንዲኖርም አልፈልግም።

የምስክር ወረቀቱን ልመልስ ብዬ ነበር፤ ተመላሽ የሚረከብ ክፍል የለም ተባልኩ። ማስጠንቀቂያውና እሱ አንድ ፋይል ውስጥ አሉ።

አሁን ክትባት ክፍል የሚመደቡ አዳዲስ ነርሶችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የምነግራቸው አጭር ነው። ባልደረባችሁ በድንገት ከሁሉም በላይ ጎበዝ ከሆነች አታጨብጭቡ፤ ትተኛ እንደሆነ ጠይቋት፣ ሳጥኗንም ክፈቱ። ያቺ ባልደረባ እናንተ ከሆናችሁ፣ ታከሙ፤ የተበላሸውንም ራሳችሁ ተናገሩ።