ከፎቶው ጥግ የቆረጥኋቸው ሰውዬ

ዛሬ ዛሬ በሰው ፎቶ ላይ አስተያየት ስጥ ስባል "ቆንጆ ነው" ብዬ አልፋለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርሁም። አፌን የዘጉት አንድ በመቀስ የቆረጥኋቸው ሽማግሌ ናቸው። ያየኋቸው ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ነው፤ ፊታቸው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ፍኖተ ሰላም በዞን መሥሪያ ቤት ስሠራ ነው፤ ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፣ ካሜራውም ገና የፊልም ነው። አምስት መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ነበርን። ፊልማችንን ባሕር ዳር ልከን እናሳጥብና ቅዳሜ ከሰዓት ዋናው መንገድ ዳር አንድ ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። የምናመጣው የመልክዓ ምድር ፎቶ ብቻ ነው። አንዱ ላም በቅርብ አንስቶ ቢያመጣ "ይቺ መታወቂያ ልታወጣ ነው?" ብለን ስንስቅ ውለናል። ሕግ አውጪው እኔ ነኝ፤ በዕድሜም በአፍም እበልጣቸው ነበርና። ሌሎቻችን ተናግረን እስክንጨርስ የፎቶው ባለቤት ትንፍሽ አይልም፤ ካለማ ጠበቃ ሆኖ መከራከሩ ነው። ጫፍ ላይ የሚያበላሽ ነገር ከተገኘ ደግሞ እዚያው ይቆረጣል። መቀሱ ከኔ ቦርሳ አይጠፋም ነበር።

ከቡሬ የሚመጣው የጂኦግራፊ መምህር ከሁላችን ዝምተኛው ነው። አንድ ቅዳሜ በትውልድ ቀዬው፣ ሽንዲ አካባቢ ያነሳውን የኑግ ማሳ አመጣ። ማሳው እስከ ሰማዩ ጥግ ቢጫ ነው። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። በግራ በኩል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቀጥ ብለው ካሜራውን ያያሉ።

"ይህን የመሰለ ማሳ አንስተህ ዘበኛ ታቆምበታለህ?" አልሁት። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ፈገግ አለ። ሽማግሌውን ከነዱላቸው ቆረጥሁና ቁራጩን ከሲጋራው አመድ ጋር መተርኮሻው ውስጥ ጣልሁት።

"እህ፣ አሁንስ?" አልሁት የመናገር ተራው ሲደርስ።

"እውነትዎን ነው ጋሼ፤ አሁን አማረ" አለኝ። ይሉኝታ የሚባለውን በሽታ እያወቅሁ አመንሁት።

በተከታዩ ክረምት የተከራየው ቤት ጣሪያ አፍስሶ ኔጋቲቮቹ ሁሉ ተጣብቀው እንደቀሩ፣ ከእንግዲህም ሌላ ቅጂ እንደማይታጠብ ነገረን። "ግድ የለም፣ ማሳው የትም አይሄድ" ብዬ አጽናናሁት።

ጥቅምት ላይ አባቱ ሞቱ። ከቡሬ በአይሱዙ ተጭነን ለቅሶ ደረስን። ዳሱ ውስጥ እህቱ ደረቷን እየመታች፣ በሌላው እጇ ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛ ታስለቅሳለች። ቀረብ ስል ሰው የሌለበት ማሳ ነው። ቢጫውን አወቅሁት።

"በዕድሜያቸው አንዴ ነው ፎቶ የተነሱት፤ እሱም ተቆርጦ ቀረ አሉ" አለኝ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረቤት። ማን ቆረጠው ብዬ አልጠየቅሁም። መምህሩን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። አፈርሁ፣ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ቢያንስ ያን ቀን እኔ ነኝ ማለት ይገባኝ ነበር። አላልሁም።

ሙሾው ጋብ ሲል እናቱ ፎቶውን ይዘው ወደኔ መጡ። ልጃቸው ስለ ዐዋቂነቴ አውርቶላቸው ኖሯል እንጂ ስለ መቀሱ አልነገራቸውም።

"ፎቶ ዐዋቂው እርስዎ ነዎት አሉ" አሉኝ። "እዚች ጋ ነበር የቆመ፤ እኔ ከልጄ ኋላ ሁኜ አየው ነበርሁ። እስቲ ወዲህ ትንሽ ለጠጥ ያርጉልኝ ጌታው። እዚሁ ነው፤ አልራቀም።"

"እሺ እናቴ" አልኋቸው። ፎቶውን ከእጃቸው ተቀብዬ ደረት ኪሴ ከተትሁት። ሁለተኛ ወደ ሽንዲ አልሄድሁም።