እናቴ ቀድማ የጠጣችው ጽዋ

ባለፈው እሑድ አርባ ምንጭ በምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን የጌታ ራት ነበር። ትሪው ሲዞር አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ኩባያ ደረሰችኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ፣ ድሮም ለየብቻ ትጠጡ ነበር ወይ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ሁላችንም ከአንድ ጽዋ እንጠጣ ነበር ስላት ፊቷን አጨማደደች። አልፈረድኩባትም፤ ዘመኑ የንጽሕና ነው። እኔ ግን ኩባያዋን እንደያዝኩ ሐሳቤ ሽቅብ ወደ ደጋው ሄደ።

የተወለድኩት በጋሞ ደጋ፣ ከካምባ ከተማ በላይ፣ ብርዱ ከእንሰቱ ሥር በማይጠፋበት መንደር ነው። እናቴ ጋሌ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በዚያን ጊዜ ባለ መሬቱ ገበሬ ከሸክላ ሠሪ ጋር አብሮ አይበላም፤ እሷ የጠጣችበትንም ዕቃ አይነካም። የሚገርመው ጎመኑንም፣ ኩርኩፋ የምንለውን የዱቄት ድብልብልም የሚቀቅለው እሷ በሠራችው ድስት ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እስቃለሁ፤ ትንሽም እናደዳለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ አላመለጠችም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። ብቻ ከእኛ ወገን የተጠመቁት የኋላው አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ጽዋው ከፊት ጀምሮ ከእጅ እጅ እየተላለፈ ይመጣና እነሱ ጋ ያልቃል፤ ስለዚህ ከእነሱ በኋላ የሚጠጣ ሰው አይኖርም።

መስቀል ባለፈ ሰሞን እናቴና እኔ በአንድ ቀን ተጠመቅን። ገና ኮረዳ ነበርኩ። የወንዙ ውኃ አጥንት ይቆረጥማል። ጋቢ ደራርበን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ፣ በገብሱ ማሳ መካከል ጭቃውን ወጣን። አዲስ ተጠማቂ ደግሞ በዚያ ቀን የሚቀመጠው ከፊት ነው፤ ጽዋውም ከእሱ ይጀምራል። ከእኛ ወገን ቀድመው የተጠመቁት ግን በዚያ ቀንም ራሳቸው ወደ ኋላ ይሄዱ ስለነበር፣ ይህን ቀድሞ ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ ብርድ እንዳይመታሽ ከኋላ ብትቀመጪ ይሻላል አሏት። ከኋላ እሳት የነደደ ይመስል! እናቴ አመስግናቸው እጄን ይዛ ወደ ፊት ሄደች፤ ዳር ላይ ተቀመጠች።

እንደ ደንባችን ተጠማቂ ተነሥቶ እምነቱን ይመሰክራል። መጋቢው ኢየሱስ ክርስቶስ ላንቺ ማነው ብለው ጠየቋት። እናቴን በጉባኤ ፊት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። በጋሞኛችን፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች።

"ኢየሱስ አምላክ ነው። ሰማይና ምድርን የሠራው እሱ ነው። ሰው ሆኖ መጣ፣ ስለ እኔ ሞቶ ተነሣ። ዛሬ ነይ አብረን እንብላ ብሎ ጠራኝ። አምላክ ሆኖ ከእኔ ጋር መብላት ካላሳፈረው፣ እናንተን የሚያሳፍራችሁ ምንድን ነው?"

ተመልሳም ተቀመጠች። ጽዋው መጣ፤ የዘቢብ ጭማቂ ነበር። እናቴ ጠጣችና ሰጠችኝ። እኔም ጠጥቼ ከጎኔ ላሉት ለወይዘሮ ባንቴ ዘረጋሁላቸው። እሳቸው የባለ ብዙ መሬት ሚስት ናቸው፤ ያን ቀን ከእኛ ጋር ተጠምቀዋል። እናቴ ድስት ይዛ በሄደች ቁጥር ከአጥሩ ውጪ ነበር የሚያቆሟት። አሁንም እጃቸውን አልዘረጉም። ካልተቀበሉኝ እናቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልትዋረድ ነው። ጽዋውን ልመልሰው ስል እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ወይዘሮ ባንቴ ቀና ብለው እናቴን አዩ። ከዚያ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ፤ ለቀጣዩም አሳለፉ። ከእሳቸው በኋላ ጽዋውን የመለሰ አልነበረም። ስንወጣ ደጅ ላይ እናቴን አስቁመው፣ "ጋሌ፣ ከእንግዲህ አጥሩ ጋ አትቁሚ፤ ግቢና ቤት ተቀመጪ" አሏት።

ነገሩ ሁሉ በዚያ ቀን አለቀ አልልም፤ ለወራት ያኮረፉን ነበሩ። ቢሆንም እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ክርስቶስ አምላክ መሆኑን ብዙ ሰው ሲመሰክር ሰምቻለሁ፤ መስክሮ፣ ምስክርነቱን እዚያው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በሥራ ያሳየ ሰው ያየሁት ግን እናቴን ነው።

ባለፈው እሑድም መጋቢው ጠጡ ሲሉ ከትንሿ ኩባያ ጠጣሁ። ሳላስበው እጄ ወደ ጎን ተዘረጋ።

"እማዬ፣ አልቋል እኮ" አለችኝ የልጅ ልጄ እየሳቀች።

"ይሁን፣ ተቀበይኝ" አልኳት።

ባዶዋን ኩባያ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።