ፎቶዎቹን የደበቅኳቸው እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለዓመታት ለማንም ተንፍሼው አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስናዘዝ ምላሴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ እሱን እዘለው ነበር። ኃጢአት ስላልመሰለኝ ነው? አይደለም። ደስ እያለኝ የሠራሁት፣ ከዚያም በኋላ ደስ እያለኝ የኖርኩበት ነገር ስለሆነ ነው። ሰው ያስለቀሰውን በደል ለመናዘዝ አይቸገርም፤ ያስደሰተውንስ በምን አፉ ይናገረዋል?

ሐረር ነው የተወለድኩት። አባቴ ከጎንደር ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ወታደር ነበር። የኮምፒውተር ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ድረ ገጽ መሥራት ጀመርኩ። አንድ ቀን የአስጎብኚዎች ማኅበር አስጠራኝ። ቢሮው ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ ነበር። የማኅበሩን ድረ ገጽ የሠሩላቸው ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ኮድ መጻፍ ከመጽሐፍ ላይ ለብቻቸው ተምረው፣ እያንዳንዱን ገጽ በእጃቸው ጽፈው፣ ያለ ምንም ክፍያ ነው የሠሩት። ችግሩ አንድ ነበር፤ የአንድ አስጎብኚ ስልክ ቢቀየር እንኳ ጋሽ ተፈራ ከሚኖሩበት ከአቦከር ሰፈር መጥተው ኮዱን ካልከፈቱት በቀር ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። የኔ ሥራ ድረ ገጹን ኮድ የማያውቅ ሰው በፓስወርድ ገብቶ ጽሑፍና ፎቶ ወደሚለጥፍበት ሲስተም ማዛወር፣ ከዚያም ጸሐፊዋን ማሠልጠን ነበር።

ጋሽ ተፈራ አልተቀየሙም። "ዘመኑ የናንተ ነው" ብለው ፋይሎቹን በፍላሽ አምጥተው ሰጡኝ። አጠገቤ ተቀምጠው የትኛው ገጽ ከየትኛው እንደሚያያዝ አስረዱኝ። ኮዳቸው ንጹሕ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን አደራ ያዝልኝ፤ ኮዳቸው ላይ አንድም እንከን አላገኘሁም።

ጸሐፊዋ ሰናይት ትባላለች።

ስለ ሰናይት ምን ልበል? ቤተሰቦቿ ከቅድመ አያቶቿ ጀምሮ የከተማው ሰዎች ናቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሐረሪኛ ቀላቅላ ትናገራለች፤ የሚያዳምጣትም ሰው ሁሉ ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ አስጎብኚዎቹ ለጫት ሲበተኑ ቢሮው ጸጥ ይላል። ያኔ ሳምቡሳ አስመጥተን፣ ሻያችንን ይዘን ሥልጠናችንን እንቀጥላለን። እኔ አንድ ነገር ሳሳያት እሷ ሦስተኛውን ትቀድመኛለች። "ኧረ አቦ፣ ይሄን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?" ብላ ስትስቅ፣ በመሳለቋ ልከፋ ሲገባኝ ልቤ በደስታ ይዘላል።

ግን ሥልጠና ያልቃል። እሷ ደግሞ ከምፈልገው በላይ ፈጠነች። ሥራዬ በደንብ ከተሠራ ዳግመኛ አላስፈልጋቸውም፤ ሲስተሙ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ታዲያ በምን ሰበብ ልመለስ? "ሰናይት፣ እወድሻለሁ" ማለት ከበደኝ። በመጨረሻው ቀን፣ እሷ ደረጃ ወርዳ ሳለች፣ ሲስተሙ እንዳያገኛቸው፣ ፎቶዎቹ ያሉበትን ፎልደር ስም በአንድ ፊደል ቀየርኩት። ያደረግኩት ይህንን ነው። ተሳስቼ አይደለም፤ አውቄ ነው። እኔ ነኝ የቀየርኩት።

ሰኞ ጠዋት ደወለች። "ዳዊት፣ ፎቶዎቹ በሙሉ የሉም። ምን ነክቼ ይሆን?"

"አንቺ አይደለሽም፤ መጣሁ" አልኳት። ባጃጅ ተሳፍሬ እያንጎራጎርኩ ሄድኩ። ወዲያው የሚስተካከለውን ነገር ግንባሬን ቋጥሬ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥኩበት። ከዚያ በኋላ ደግሜ አደረግኩት። አንዴ ፎቶዎቹን፣ አንዴ የስልክ ዝርዝሩን፣ አንዴ የመግቢያውን ገጽ ሰወርኩ። እንደዚያ ሰሞን የተደሰትኩበት ጊዜ አልነበረም። ሐረር ሁሉ ያማረልኝ፣ መንገደኛው ሁሉ ወዳጄ የመሰለኝ ያኔ ነው።

አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጅ ዩሱፍ ገቡ። ጋሽ ተፈራም አንድ ፎቶ ሊሰጡ መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"ወላሂ፣ ይሄ ነገር ግራ ገብቶኛል" አሉ ሐጅ ዩሱፍ። "አዲስ ከሆነ ለምን ይበላሻል?"

ሰናይት አየችኝ። ጥፋቱ በእሷ ላይ እንዳያርፍ ፈራሁ፤ በእኔ ላይ እንዳያርፍ ግን ከዚያ በላይ ፈራሁ። አፌ ቀደመኝ። "የድሮው ኮድ በደንብ ስላልተጻፈ ነው። ስህተቱ አብሮ እየመጣ ያስቸግራል" አልኩ።

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አወለቁ። "የቱ ጋ ነው? ብታሳየኝ አርመው ነበር።"

"ብዙ ቦታ ነው፣ ጋሼ።"

"ብዙ ቦታ?" አሉ። ከዚያ ወደ ሐጅ ዩሱፍ ዞረው፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሳላውቅ አስቸግሬያችኋለሁ" አሉ። ይቅርታ ጠየቁ! በድዬ የተቀመጥኩት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው።

አዲሱ ድረ ገጽ ሲመረቅ ጋሽ ተፈራን የጠራቸው የለም። ለእኔ ተጨበጨበልኝ። በዚያው ዕለት ደፍሬ ሰናይትን "ሻይ ልጋብዝሽ፣ አብረን እንሂድ" አልኳት፤ እሷም መጣች። ከዓመት በኋላ ተጋባን። ጋሽ ተፈራ ሠርጋችን ላይ ተነሥተው መረቁን፤ ለአማቴም "እኔ ያበላሸሁትን ያቀናው ይሄ ልጅ ነው" አሏቸው። እኔም ሰምቼ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ።

እንዲህ ስኖር የልጃችን ክርስትና ደረሰ። ድግሱ ላይ አንድ መምህር ጋሽ ተፈራን ለትምህርት ቤቱ ክበብ ድረ ገጽ እንዲሠሩ ለመናቸው። "ተወኝ ልጄ፣ እኔ የነካሁት ይበላሻል" አሉት። ሳቅ ብለው ነው ያሉት። እኔ ግን የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ቢሮ ውስጥ ከዋሸሁባቸው ቀን ጀምሮ ኮድ የሚባል ነገር እንዳልነኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው የሚወደውን ነገር ማን ነጠቀው? እኔ።

ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ ተከትዬ በር ላይ ደረስኩባቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፎልደሩን፣ ፊደሉን፣ ውሸቱን። ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ቆይ" አሉ። "ታዲያ የኔ ኮድ ደኅና ነበር?"

"አንድም ስህተት አልነበረበትም፣ ጋሼ።"

"ገጾቹን የሚያያይዘው የሜኑውስ ነገር?"

"እሱም ይሠራ ነበር።"

ፊታቸው በራ። ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ "ሰማሽ? ይሠራ ነበር!" አሉ። ባጃጅ ውስጥ ገብተውም "ይሠራ ነበር እኮ" ሲሉ ይሰማኛል። የኔን በደል ረስተውታል። ከቁጣቸው ይልቅ ያ ደስታቸው ነው አንጀቴን የቆረጠኝ። በአንድ ቃል ልሰጣቸው የምችለውን ደስታ ያን ሁሉ ዓመት ይዤባቸው ነበር።

እንግዳው ሲሸኝ ለሰናይት ነገርኳት። ሕፃኑን ታቅፋ አየችኝ።

"እኔን ለማግኘት ብለህ ነው ሽማግሌ ያዋረድከው?"

"አዎ።"

"ሥልጠናው ያለቀ ቀን ቶሎ ወደ ቤት ያልሄድኩት ለምን ይመስልሃል? 'ወጥተን ሻይ እንጠጣ' ትለኛለህ ብዬ ነበር እኮ።"

ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ቀን አላነጋገረችኝም። ዝምታዋን ስትፈታ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሸቱን በተናገርኩበት ቢሮ እውነቱን እንድናገር። ሐጅ ዩሱፍና አስጎብኚዎቹ ተቀምጠው፣ ጋሽ ተፈራም ተጠርተው፣ ቆሜ ተናገርኩ። "አስተግፊሩላህ" አሉ ሐጅ ዩሱፍ። እኔን ትተው ወደ ጋሽ ተፈራ ዞሩ። "መምህር፣ እኛም ሳንጠይቅ አምነናል። ዐፉ ይበሉን።"

"እሱ ይቅር" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ፓስወርዱን ስጡኝና ይሄን አዲሱን ነገር ልየው።"

ሰናይት አጠገቧ አስቀምጣ ታሳያቸው ጀመር። ሲስተሙ ለምን የራሳቸውን ኮድ እንደማያስገባላቸው ተከራከሯት፤ እሷም እየሳቀች ተከራከረቻቸው። አስጎብኚዎቹ ዙሪያቸውን ከበቡ። ቢሮው እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ከኋላ ቆሜ ሳቅኩ።

ዛሬ የሰሙ ሰዎች "ለበጎ ነው፤ በዚያ ሰበብ ትዳር ቆመ፣ ልጅ ተወለደ" ይሉኛል። እኔ ይህን አልልም። ትዳሬ በጎ ነው፤ ሥራዬ ክፉ ነበር፤ አንዱን በሌላው አልሸፍነውም። ፍቅር አስገድዶኝ ነው እንዳልልም ሰናይት በሩን ዘግታብኛለች፤ ሳልዋሽም ትመጣ ነበርና። ጋሽ ተፈራ ምረውኛል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ብትምረኝ ደስ ይለኛል፤ ባትምረኝም ትክክል ነህ።