ሁለቱ የባንኮኒ ወንበሮች

ናሽቪልን የለቀቅነው በምሽት ነበር። ልጄ ኦሮራ የምትባል ሩቅ ከተማ ውስጥ የነርስነት ሥራ አግኝታ ዕቃችን መኪና ላይ ሲጫን፣ ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ የመኪናውን በር ይዘው ቆሙ። «አቶ ታደሰ፣ የካቲት ሲመጣ ከማን ጋር ልሄድ ነው?» አሉኝ።

አገር ቤት ማዘጋጃ ቤት ሳገለግል የከተማችንን የመታሰቢያ በዓላት የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። ናሽቪል እንደገባሁም የከተማዪቱን ቀናት አጠናሁ፤ ሰፋሪዎቿ በበረዶ የረጋውን ወንዝ የተሻገሩበትን፣ ሙዚቃዋ በሬዲዮ መሰማት የጀመረበትን፣ ጎርፉ መሀል ከተማውን የዋጠበትን። አብልጠን የምናከብረው ግን ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለሉ የምሳ ባንኮኒዎች ተቀምጠው አንነሣም ያሉበትን የየካቲት ቀን ነበር። በየዓመቱ ሐጂና እኔ መሀል ከተማ ባለች አንዲት ምግብ ቤት ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እንደምታውቁት እኔ የእሳቸውን ሥጋ አልበላም፣ እሳቸውም የእኔን፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምናዝዘው በሊጥ ውስጥ የተጋገረ የፖም ፓይ ነው። አንዳችን ጾመኛ ከሆነ ሌላው የሁለታችንንም ይበላል። አስተናጋጇ መካ ደርሰው የተመለሱትን ሐጂ «ሃኒ»፣ የኔ ማር እንደ ማለት፣ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ይቀበሉታል።

ኦሮራ ቤት ስንከራይ የአከራዩ ቢሮ ሠራተኛ ናሽቪልን ለምን እንደለቀቅን ጠየቀች። እኔ ከወንዙ ጀምሬ እስከ ጎርፉ ድረስ በአማርኛ አስረዳሁ። ልጄ ሁሉንም በአንድ ቃል ተረጎመችው፤ «ጆብ።» ሠራተኛዋ ረዘም አድርጋ አየችኝና፣ «ያን ሁሉ ያወራው ስለ ሥራ ነው?» አለቻት።

ኦሮራን አላማም። ጠዋት የወረደውን በረዶ ከሰዓት ፀሐይ ጠርጋ ታነሣዋለች፤ በምዕራብ በኩል ያለው ተራራም ዓይን ያጠግባል። ብቻ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ እንደ ናሽቪል በረንዳ ላይ ሆኖ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም የሚል ሰውም አላገኘሁም።

የየካቲቱ ቀን ደረሰ። የሐጂ ጉልበት ደክሟል፤ ብቻቸውን ሆነው ሳይሄዱ ይቀራሉ ብዬ ስለ ፈራሁ፣ መደወሉን እንኳ አልደፈርኩም። በምሳ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ከሐጂ ድምፅ በፊት የአስተናጋጇን ሰማሁ፤ ስንት እንደሆኑ ትጠይቃለች።

«ቱ» አሏት።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። «አቶ ታደሰ፣ ሁለት ፓይ አዝዣለሁ። ወንበሩን ለሌላ ሰው ልትሰጠው ነበር፤ ባለቤት አለው አልኳት። ዛሬ እርስዎ ጾመኛ ነዎት ብዬ ድርሻዎን እበላልዎታለሁ።»

ሹካቸው ሳህኑን ሲነካ ይሰማኛል።

«ለከርሞም ጾመኛ ነዎት?»