የማይጮኸው ፋክስ

ከትምህርት በኋላ በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ ከኋላ ጥግ ላይ፣ አንድ ያረጀ የፋክስ ማሽን አለ። ሐኪሞች ማዘዣ ሲልኩ መጀመሪያ ያቃስታል፣ ከዚያ አንገቷን እንደተያዘች ዶሮ ይጮኻል፣ ከዚያም ዝም ብሎ ወረቀቱን ቀስ እያለ ይተፋዋል። ሌሎቹ ሠራተኞች ጩኸቱን አይወዱትም፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የያዝኩትን ሥራ ትቼ እቆማለሁ፣ ላስ ቬጋስ ዳር፣ ዊትኒ በሚባል ሰፈር፣ በነበረን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ሳሎን ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ራሴን አገኘዋለሁ።

አባቴ ሁሴን ያን ጊዜ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ ፋክሱን ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን በራፋቸው ላይ ከሚሸጡበት ያርድ ሴል በርካሽ የገዛው ኮምቦልቻ ላሉት እህቶቹ የጉዞ ወረቀት ሲያስጨርስ ነው። ፋክስ መላክ በቤታችን ትልቅ ጉዳይ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ወደሚልክበት ቢሮ ደውሎ «አሁን ልልክ ነው» ይላል፣ ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጁ ያጎርሳትና ቁጥሩን ይመታል፣ ማሽኗ መጮህ ስትጀምር ሁላችንንም በጣቱ ዝም ያሰኘናል፣ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ደውሎ «ደረሰ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ካልጮኸች አልሄደም ባይ ነው። እናቴ ዘሀራ «ሰዎቹ የሚሰሙት በጩኸቷ ነው እንዴ?» እያለች ታበሽቀው ነበር።

ሁላችንም ሞባይል ከያዝን በኋላ በቤት ስልኩ የሚደውልልን ዕቃ ሻጭ ብቻ ስለነበር፣ የኮሮና ወረርሽኝ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት እናቴ መስመሩን አስቆረጠችው። አባቴ ግን ማሽኗን ከመደርደሪያው ሊያወርዳት አልፈለገም፤ የመብራት ገመዷ እንደተሰካ፣ አረንጓዴ መብራቷ እንደበራ ቀረች። እናቴ አቧራ ስትጠርግ «ይቺን ሬሳ መቼ ነው የምትቀብራት?» ትለው ነበር። አባቴ ትንሽ ያኮርፋል።

በፈረንጆቹ 2020 ጸደይ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ የሆቴል ክፍል ታጸዳ የነበረችው እናቴ ቤት ቀረች፣ አባቴም መንገደኛ ስለጠፋ መጋዘን ውስጥ የቀን ሺፍት አገኘ፣ እኔ ደግሞ መኝታ ቤቴ ውስጥ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ መማር ጀመርኩ። እናቴ ሥራ መፍታቱን አልቻለችበትም፤ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች፣ የታጠፈውን መልሳ ታጥፋለች፣ በየመሃሉ «ሐያት!» ብላ ትጠራኝና የአንሶላ ጫፍ ታስይዘኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ትምህርት ላይ ሳለሁ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። አንሶላ ልታሳጥፈኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ጠራችኝ፣ ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም፣ የሚጎተት ነገር ነበረው፤ እኔ ግን የላፕቶፑን ድምፅ ጨመርኩት። በእረፍት ሰዓት ውሃ ልጠጣ ስወጣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ወድቃ አገኘኋት። አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ አድራሻችንን ሳልሳሳት የተናገርኩትም እኔ ነኝ፣ ጎረቤቶቹም አባቴም «ጎበዝ ልጅ» ብለው አመሰገኑኝ። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም መርጋቱን ለአባቴ ሲነግረው ስልኩ በስፒከር ስለነበር «ትንሽ ቀደም ተብሎ ቢሆን ኖሮ» ሲል ሰማሁት። አባቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ቤት ነበረች» አለው። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ፣ አካላቸው ያልታዘዛቸውን ሰዎች ወደሚያለማምዱበት የሕሙማን ማቆያ ገባች። ቀኝ እጇ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቷም ተይዟል። በወረርሽኙ ምክንያት ጠያቂ አይገባም ነበር። አባቴ ሲደውል ቢሮው ያለችው ሴት፣ ቤተሰብ መልእክት ካለው በፋክስ ይላክ፣ እኛ ለታካሚው እናደርሳለን አለችው። አባቴ ስልኩን ዘግቶ ተነሳ፣ ማሽኗን አወረደ፣ በእጅጌው ጠረጋት፣ የስልክ ገመዷን ግድግዳው ላይ ሰክቶ ጆሮውን አስጠጋ። ምንም የለም። ነቅሎ ደግሞ ሰካው።

«አባ፣ መስመሩ እኮ የለም» አልኩት።

የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ እንደሰማ ሰው አየኝ፣ ከዚያም ማሽኗን እንደታቀፈ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። አባቴን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ፈራሁ።

መፍትሔው ከሥራ ባልደረባው መጣ፤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ፋክስ የሚልክ አፕ አለ አለው። ስልክ ነክ ነገር ሁሉ የእኔ ነበርና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ወረቀቱን መስኮቱ ሥር ብርሃን ላይ አነጥፋለሁ፣ ጥላዬ እንዳያርፍበት ተንበርክኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቁጥሩን ጽፌ እጫናለሁ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ደርሷል» የሚል ይመጣል። አባቴ አላመነም። «ሳይጮህ?» አለኝ። «ሳይጮህ» አልኩት። ለማንኛውም ብሎ ዋናውን ወረቀት በጫማ ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ፣ ካርቶኑንም ማሽኗ አጠገብ አኖረው።

በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ግን ፊደል ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ ከሆቴሉ በምታመጣቸው ትንንሽ የማስታወሻ ወረቀቶች ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንዳንዴ በቁጣ አንዳንዴ በከረሜላ። ስለዚህ ደስ እንዲላት ሁሉንም በፊደል ልጽፍላት ወሰንኩ፤ ከላይ «ለውድ እናቴ ለዘሀራ»፣ ከታች «ልጅሽ ሐያት»፣ አንድም የእንግሊዝኛ ፊደል ሳላስገባ። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ አባቴ ሥራ ሄዶ ሳለ ብቻዬን ጻፍኳት፣ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀችብኝ። «እማዬ፣ ስትጠሪኝ ሰምቼ ነበር። ሁለቴ ጠራሽኝ። አንሶላ የምታሳጥፊኝ መስሎኝ ነው። ይቅር በይኝ» ትላለች። ስልኩ «ደርሷል» አለ። ያቺን ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ አልጨመርኳትም፣ ፍራሼ ሥር ደበቅኳት። ከዚያ መልስ መጠበቅ ጀመርኩ።

ረመዳንን እኔና አባቴ ቴምርና ሾርባ መሃላችን አድርገን ሁለታችን ብቻ አፈጠርን፣ ዒዱም መጥቶ ሄደ፣ ከዚያ የበር እጀታ የሚያቃጥለው የቬጋስ ሙቀት ገባ። የግቢው መዋኛ በሰንሰለት ተዘግቶ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። አባቴ ጠዋት ሲወጣ ፀሐይ እንዳይገባ መጋረጃውን ዘግቶልኝ ይሄድ ነበር፣ ሲመለስ እዚያው በተወኝ ቦታ ያገኘኛል። በየቀኑ አንድ ገጽ እልክላት ነበር፤ የጎረቤት ድመት መውለዷን፣ አባቴ ሩዙን ማሳረሩን፣ አሥራ ሦስት ዓመት መሙላቴን። አባቴ ከሥራ ሲገባ ነገ በምልከው ገጽ ግርጌ «እኛ ደህና ነን፣ አታስቢ» ብሎ ይጨምርበታል፣ ሁልጊዜ ያችኑ። ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ሳላወራ ስለምውል፣ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ያህል የጻፍኩትን ለፋክስ ማሽኗ ጮክ ብዬ አነብላት ነበር። ብቸኝነት መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅኩም፤ ሆዴን የሚያመኝ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ እሑድ አንዲት ነርስ ታብሌት ትይዝላትና እናቴን ለአምስት ደቂቃ እናያት ነበር። ግማሽ ፊቷ ወርዷል፣ ትሰማለች፣ አትናገርም። አባቴ «የልጅሽን ጽሑፍ አየሽልኝ? እንዴት ጎብዛለች!» ይላታል፤ እሷ ትክ ብላ ታየኝና ዓይኗን ወደ ግድግዳው ትመልሳለች። አባቴ ደክሟት ነው ይል ነበር። አንዴም ለቢሮዋ ሴት ደውሎ ፋክሱ ይደርሳችኋል ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር፣ የመጣውን ሁሉ ለየባለቤቱ እናድላለን አለችው። እንግዲያው ደርሷል፤ እናቴ አንብባዋለች፣ ይቅር ግን አላለችኝም ብዬ ደመደምኩ። ኦገስት ሲያልቅ መጻፍ አቆምኩ። አባቴ «ዛሬስ ላክሽ?» ሲለኝ «ልኬያለሁ» እለው ነበር፣ እሱም ደክሞት ስለሚገባ ካርቶኑን ከፍቶ አያይም።

ሙቀቱ መሰበር ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ አባቴ ስልክ ተደወለለት። ሮማን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች፣ ማቆያው ውስጥ ታማሚዎችን ለመንከባከብ ገና በዚያ ሳምንት መቀጠሯ ነው።

«ጋሼ፣ የእትዬ ዘሀራ ባለቤት ነዎት?» አለች፤ ስልኩ በስፒከር ነበር። «የምሳ ኦርደር ልጽፍ ስክራች ወረቀት ባነሳ፣ ገልበጥ፣ ፍሊፕ ሳደርገው አማርኛ! ቀጥዬ ሌላ ባነሳ እሱም አማርኛ። ካርቶን ሙሉ ነው ጋሼ። እነሱ ማሽኑ ተበላሽቶ ዝም ብሎ የሚቸከችክ መስሏቸው ጀርባውን ለማስታወሻ እየተጠቀሙበት ነበር። የታካሚ ስም በእንግሊዝኛ አንድም ቦታ የለማ!»

አባቴ «ያ አላህ» ብሎ ራሱን ያዘ። እኔ ስልኩን ከእጁ ነጥቄ መኝታ ቤቴ ገባሁ። እናቴ አንድም ፊደል አላየችም ማለት ነው፤ አምስት ወር ሙሉ አባቴ ስለየትኛው ጽሑፍ እንደሚያወራት ሳታውቅ ኖራለች፣ እኔ ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ተቀይማኛለች እያልኩ ኖሬያለሁ። እፎይ ልል ስል ሌላው ነገር ትዝ አለኝና በሩን ዘጋሁት።

«ለእማዬ ሰጠሻት?» አልኳት።

«ሦስት ቀን ሙሉ በየብሬኬ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው እንጂ።»

«የመጀመሪያዋንም?»

«ሁሉንም፣ የኔ ቆንጆ።»

«ምን አለች?»

«መናገርማ አልቻሉም። ግን በደህናው እጃቸው እስክሪብቶዬን ከኪሴ ወሰዱት።»

መልሱ ቶሎ አልመጣም። ሮማን በኋላ እንደነገረችን፣ እናቴ በግራ እጇ ስትጽፍ ሁለት ቀን ፈጀባት፣ ከጨረሰች በኋላ ደግሞ በሌላ ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፈችላት፤ ራሷ ያስቆረጠችውን የቤት ስልካችንን ቁጥር፣ አንዱን እንኳ ሳትስት። ሮማን ያን ቁጥር መትታ ፋክሱን ላከችው፣ አልሄደም። ደግማ ላከችው፣ አልሄደም። በዚያ ሰዓት ማሽናችን መደርደሪያው ላይ አረንጓዴ መብራቷን አብርታ ተቀምጣ ነበር። መስመሩ መቆረጡን እናቴ ረስታዋለች።

በሳምንቱ እሑድ ሮማን ራሷ ኢንተርፕራይዝ ከሚባለው ሰፈሯ መኪናዋን እየነዳች መጣች። ፓርኪንጉ ውስጥ ማስኳን እንዳደረገች ፖስታውን የአባቴ መኪና ኮፈን ላይ አስቀመጠችና ራቅ ብላ ቆመች። «ጠጋ አልልም ጋሼ፣ ለእትዬ ዘሀራ ስል ነው» አለች። አባቴ ለመጨባበጥ የዘረጋውን እጅ ደረቱ ላይ መልሶ አመሰገናት። ፖስታውን ከፈትኩት። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ወደ ላይ እየሸሹ የሚሄዱ፣ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ የጻፋቸው የሚመስሉ ፊደላት ነበሩ።

«ሐያት፣ አልጠራሁሽም» ይላሉ።

አባቴ በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ አነበበና «ምን ማለቷ ነው?» አለኝ።

«የእኔና የእሷ ነገር ነው» አልኩት።

ሮማን አቀርቅራ ጫማዋን ታይ ነበር። በዚያ ፀሐይ ላይ ቆሜ እንዳለቀስኩት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላለቀስኩም። እናቴ ጠርታኛለች። ሁለቴ ጠርታኛለች፣ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ስትዋሽ ሰምቻት የማላውቅ እናቴ፣ ጽፋበት በማታውቀው እጇ፣ ሁለት ቀን ደክማ፣ አንዲት ውሸት ጻፈችልኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ ከላይ ስሟንና የክፍሏን ቁጥር በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍኩ መላክ ቀጠልኩ፣ ከሥር ያለው ግን ያው በፊደል ነበር። ክረምቱን እንዲሁ እየተጻጻፍን ከረምን፣ የእሷን መልስ ሮማን እያመጣችልን። በ2021 ጸደይ፣ በዚያው ካዚኖዎቹ በተዘጉበት ወር ገደማ፣ በምርኩዝ እየተደገፈች ቤቷ ገባች። ሳሎኑን ዙሪያውን አየች፣ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ከንፈሯ ብዙ ታገለና «ሬ... ሳ» አለች። አባቴ እየሳቀም እያለቀሰም ምርኩዟን ያዘላት።

አሁን በስልኬ የምጽፈው ሁሉ ጣቴ ሳይነሳ ደርሶ፣ መነበቡም ተጽፎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አንዲት ቃል በፓርኪንግ በኩል ዞራ እስክትመጣ አምስት ወር ጠብቄያለሁ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የማይነበብ ገጽ ሲመጣና ሰዎቹ ሊጥሉት ሲሉ «ቆይ፣ ልየው» እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም። ስለዚያ ጠዋት ከእናቴ ጋርም አንድ ቀን አውርተን አናውቅም። እሷ አልጠራሁሽም እንዳለች ናት፣ እኔም እንዳመንኳት ነኝ። አንደበቷ ግን ከሞላ ጎደል ተመልሷል፣ ስሜን ብቻ ዛሬም እየተሰበረ ነው የምትጠራው። «ሐ...» ብላ ትጀምራለች፣ እስክትጨርሰው ጊዜ ይፈጅባታል፤ እሷ ሳትጨርሰው እኔ በሯ ላይ ነኝ።