ሁለት ጓጉንቸር፣ አንድ በር

የኑክሌር ድርድሩ እኔን ያስከፈለኝ አንድ ሸሪክ ነው፤ ያውም የአሥራ አምስት ዓመት።

ቀፊራ ገበያ ጀርባ አንድ መጋዘን በጋራ ተከራይተን ነበር። እሱ የመጋላ ሰፈር ሰው ነው፤ ሩዝና ተምር ይነግዳል። እኔ ስኳር። በሩ አንድ፣ ጓጉንቸሩ ሁለት፤ አንዱ ቁልፍ እሱ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ። አንዳችን ያለ ሌላችን አንከፍትም። ያ መጀመሪያ ላይ ነው። በኋላ እሱ መልካ ጀብዱ ሲሄድ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር ማድረግ ጀመረ። «ደንበኛ ከመጣ ሽጥልኝ» ይላል፤ በቃ።

አንድ ረፋድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ቴሌቪዥኑ ስለ ድርድሩ ያወራል። ኃያላኑ ተቀራርበዋል፤ የአንዱ ተቆጣጣሪ ሌላው አገር ገብቶ ቦምብ ሊቆጥር ነው። ተደራዳሪዎቹ እየተሳሳቁ ይጨባበጣሉ።

«አልወደድኩትም» አልኩ። «ሁለቱም ስቀው የወጡበት ግብይት አይቼ አላውቅም። ወይ አንዱ ዋጋው አልገባውም፣ ወይ አንዱ ዕቃ ደብቋል።»

«አቦ ተው! አንተ እኮ መላእክት ቢታረቁም ደላላው ማነው ትላለህ» አለ ሸሪኬ።

ሻይ ቤቱ ሳቀብኝ። እሱ መልካ ጀብዱ ሊሄድ ሲነሳ፣ «እኛም አንድ ቀን እንቆጣጠር እንጂ፤ ከእነሱ በምን እናንሳለን?» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ቀልድ ነው። ግን በአሥራ አምስት ዓመት እንቁጠር ብሎ አያውቅም፤ ዛሬ ምን አስታወሰው? ሌባ ቀድሞ «ፈትሹኝ» እንደሚል ገበያ አስተምሮኛል። በቀትር፣ ከተማው ከፀሐይ ሸሽቶ ጋደም ሲል፣ ሁለቱንም ጓጉንቸር ከፈትኩ። ስኳሬን ቆጠርኩ፤ ሙሉ ነው። ሙሉ መሆኑ ይበልጥ አጠራጠረኝ። ከእኔ ካልወሰደ ታዲያ የሚደብቀው ምን ይሆን ብዬ የእሱን ተምር መገልበጥ ጀመርኩ።

ለካ መኪና አጥቶ ተመልሷል። በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ምን ጎደለህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ የኔ ተምር ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?»

«ያው... ቁጥጥር ነው። አንተው አይደለህ እንዴ ያልከው?»

አልሳቀም። «ወላሂ፣ እነዚያ እንኳ የሚቆጥሩት ባለቤቱ ባለበት ነው» አለኝ።

በማግስቱ ጋሪ ጠርቶ ዕቃውን ጫነ። ሽማግሌ ላክሁበት። «አልተቀየምኩም» ብሎ መለሳቸው፤ ግን አልተመለሰም። ጓጉንቸሩን እንኳ ሳይነቅል ነው የሄደው።

ቴሌቪዥኑ ዛሬም ድርድሩ ጥሩ እየሄደ ነው ይላል። እኔ ዛሬም አላምንም።

ስኳሩ አልጎደለም። ሁለቱም ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ሸሪክ የለኝም።