በትርጉም ገጽ የገባው ጨዋታ

ደባርቅ አሥረኛ ክፍል ስንማር የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ ጨዋታ አይከፈትም ነበር። የአይሲቲ መምህራችን የጨዋታ ገጾቹን ዘግቷቸዋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ለትምህርቱ እንኳ ይብቃ ብሎ ነው።

መግቢያውን ያገኘችው አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ከአምባራስ ገጠር መጥታ፣ ከታላቅ እህቷ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የጨዋታውን አድራሻ ከእንግሊዝኛ በሚተረጉም የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጻፈችና ወደ አማርኛ እንዲተረጉመው አዘዘችው። የትርጉም ገጹ ስላልተዘጋ ጨዋታው በእሱ ውስጥ ተከፈተ! «ጀምር» ማለት የነበረበት ቁልፍ «ተነሣ» ይላል። እሱን እያየን ሳቅን። እየተኮስን የምናፈነዳቸው ባለ ቀለም ኳሶች ግን ከላይ ተንጋግተው መጡ።

ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ በሙሉ ኳስ ማፈንዳት ያዘ። ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ። የፈተና ጥያቄ ሊያወርዱ የመጡ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው ለመምህሩ ተናገሩ።

«ማነው ይኼን የከፈተው?» አለ ገብቶ።

ሁላችንም አቀረቀርን። እሷ ተነሣች።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

እንዴት እንደሆነ እንድታሳየው ጠየቃት። አድራሻውን እንደገና ጽፋ አሳየችው።

«በቃ፣ ይኼንንም ገጽ እዘጋዋለሁ።»

ይኼኔ እንባዋ መጣ። «እሱን ከዘጉብኝ ባዮሎጂውን በምን እረዳዋለሁ?»

ለካ በገጠር ትምህርት ቤት በአማርኛ ተምራ ስለመጣች የእንግሊዝኛው መጽሐፍ አልገፋ ብሏት ኖሯል። አንቀጽ በአንቀጽ እየጻፈች በዚያ ገጽ ነበር የምታነበው። ጨዋታውን ያገኘችው እግረ መንገዷን ነው። አጠገቧ ተቀምጬ እንኳ አላወቅሁም።

መምህሩ የከፈተችውን የትርጉም ገጽ ጠጋ ብሎ አየ።

«አልዘጋውም» አለ በመጨረሻ። «ጨዋታ ግን ዓርብ፣ ከትምህርት በኋላ ብቻ። በሌላ ቀን አንድ ሰው ሲጫወት ካገኘሁ እዘጋዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ሌላ ሰው ሆነች። ማክሰኞ ዕለት አንዱ ጨዋታ ሲከፍት ዘላ ከጀርባው ቆመች።

«አጥፋው! ልታዘጋብኝ ነው?»

«አንቺው አሳይተሽን አንቺው ትከለክያለሽ?»

«አዎ፣ እከለክላለሁ!»

አጠፋው። ከዚያ በኋላ ማንም አልደፈራትም።

ዓርብ ሲደርስ መምህሩ ራሱ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ኳሶቹ ሳያፈነዳቸው ቶሎ ቶሎ ይወርዱበታል። እሷ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «በግራ በኩል፣ ቲቸር! በግራ!» እያለች ትጮሃለች፤ እሱ በቀኝ ይተኩሳል።